የፈጠራ ሠፈር ወይስ ሕያው ቤተ ሙከራ? ካርቦን መቀነስ ለሚፈልግ ከተማ የትኛው ይሻላል

አንድ ከተማ መሀሉ ላይ የተዘጋ የፋብሪካ ግቢ አለው እንበል። ቆርቆሮው ዝጓል፣ አጥሩ ተጋድሟል፣ ዙሪያውን ግን ሰው ይኖራል። ማዘጋጃ ቤቱ ቦታውን ማልማት ይፈልጋል፤ የካርቦን ልቀቱንም መቀነስ አለበት። ሦስት ባለጉዳዮች በየተራ ቢሮው ይገባሉ። የመጀመሪያው አልሚ ነው፤ በኮምፒውተር የተሣለ የመስታወት ሕንፃና ዛፍ የበዛበት መንገድ ይዞ መጥቷል። ሁለተኛዋ ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ተመራማሪ ናት፤ «አንድ ብሎክ ስጡኝና ሁለት ዓመት ልሞክርበት» ትላለች። በመጨረሻ የሠፈሩ ሰዎች ይገባሉ። ሥዕል የላቸውም። «እኛስ የት ልንሄድ ነው?» ይላሉ።

ለማን እሺ ይባላል? ይህ መመሪያ የተጻፈው ለዚህ ጥያቄ ነው። ማዘጋጃ ቤት ለምትሠሩ፣ አርክቴክቸርና የከተማ ፕላን ለምትማሩ፣ ስታርታፕ ለጀመራችሁ፣ የሠፈር ኮሚቴ ውስጥ ላላችሁም ይሆናል። የማነጻጽራቸው ቦታዎች ውጭ አገር ያሉ ናቸው። ዓመታቱም በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። መጨረሻ ላይ ወደ ኮንዶሚኒየማችን እመለሳለሁ፤ እዚያ ላይ የምለው አለኝ።

ሁለቱ ምንና ምን ናቸው

የፈጠራ ሠፈር ማለት ኩባንያው፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ስታርታፑና መኖሪያ ቤቱ በእግር በሚዳረስ ቦታ ተቀራርበው እንዲሠሩ ታስቦ የሚለማ አካባቢ ነው። ስሙን በሰፊው ያስተዋወቀው የአሜሪካው ብሩኪንግስ ተቋም በ2014 ያወጣው ጥናት ነው። ነገሩ ግን ከዚያ በፊትም ነበረ።

ሕያው ቤተ ሙከራ ደግሞ አሠራር ነው። አዲስ ነገር ላቦራቶሪ ውስጥ ተዘግቶበት አይሞከርም። ሰው በሚኖርበት ቤት፣ በሚሄድበት መንገድ ላይ፣ ከነዋሪው ጋር ይሞከራል። ሐሳቡ ብዙ ጊዜ የሚያያዘው ኤምአይቲ ከሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ከዊሊያም ሚቸል ጋር ነው። የአውሮፓ ሕያው ቤተ ሙከራዎች በ2006 የራሳቸውን መረብ መሥርተዋል።

እንግዲህ አንዱ የሚፈልገው መሬት ነው፣ ሌላው የሚፈልገው ፈቃደኛ ሰው ነው። ብሮሹር ላይ ግን ሁለቱ ተደባልቀው ይቀርባሉ። ምርጫው የሚበላሸውም እዚህ ጋ ነው። በአንድ ሕንፃ ሞክሮ መማር የሚችል ከተማ ሙሉ ሠፈር ያፈርሳል። የመሬት ውስጥ ቧንቧ የሚያስፈልገው ከተማ ደግሞ የስልክ መተግበሪያ ሲያስመርቅ ዓመት ይፈጃል።

መጀመሪያ ካርቦኑ የሚወጣበትን ፈልጉ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ። ሄልሲንኪ ላይ ትልቁ ጣጣ ብርድ ነው። የከተማዋ ሕንፃዎች በአብዛኛው የሚሞቁት ከመሬት በታች በተዘረጋ የጋራ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ነው። ውሃውን የሚያሞቀው የድንጋይ ከሰል ከሆነ፣ ጣሪያ ላይ የሚደረደረው ሶላር ትልቁን ነገር አይነካውም። አቡ ዳቢ ላይ ደግሞ ጣጣው ተቃራኒ ነው፤ ኃይሉ የሚያልቀው ቤት ለማቀዝቀዝ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ስሌቱ ሌላ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ነው። ስለዚህ ጣሪያ ላይ ሶላር መስቀል መብራት ሲጠፋ ይጠቅማል እንጂ ብዙ ካርቦን አይቀንስም። የእኛ ካርቦን ያለው በቤንዚንና በናፍጣው፣ በምድጃው ከሰል፣ በቆሻሻ ክምሩ፣ በሲሚንቶና በብረቱ ውስጥ ነው። የአውሮፓን ሠፈር እንዳለ ገልብጦ የሚያመጣ ሰው የሌለብንን በሽታ ሊያክም ነው የሚነሳው። ይህን ጥያቄ ያልጠየቀ ፕሮፖዛል ከመጣላችሁ ወደ ገጽ ሁለት አትለፉ።

ባርሴሎና፦ ውሉን ያወቀች ከተማ

ፖብሌኑ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሞላበት ሠፈር ነበር። «የካታሎኒያ ማንችስተር» ይሉት ነበር። ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ የቀረው ጭስ ማውጫና ባዶ መጋዘን ነው። ከተማዋ በ2000 ወደ 200 ሄክታር የሚጠጋውን ይህን ቦታ 22 አሮባ በሚል ስም ለአዲስ ሥራ ከፈተችው።

እኔን የማረከኝ ውሉ ነው። የመሬቱ ባለቤት አሮጌውን ትቶ አዲስ ሲገነባ ከበፊቱ የበለጠ የወለል ስፋት ይፈቀድለታል። በምላሹ ከመሬቱ 30 በመቶውን ለከተማዋ በነፃ ያስረክባል። 10 በመቶው ለአረንጓዴ ቦታ ነው። 10 በመቶው ዋጋው ዝቅ ላለ መኖሪያ ቤት ነው። የቀረው 10 በመቶ ለትምህርት፣ ለምርምርና ለመሰል አገልግሎት ይውላል። ለመሠረተ ልማቱም ባለመሬቱ ያዋጣል። የመሬቱ ዋጋ የጨመረው ከተማዋ በፈረመችው ወረቀት ነውና ከተማዋ ድርሻዋን ወሰደች። ሌላም አለ፤ በኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ ለዓመታት ከፕላን ውጭ ሆነው የቆዩ ከ4,600 በላይ የሚሆኑ ቤቶች ሕጋዊ ሆነዋል። ነዋሪውን ከማንሳት ይልቅ ዕውቅና ሰጥቶ መጀመር ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ካርቦኑስ? እዚያው አጠገብ፣ ቤሶስ ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት በኩል፣ የከተማዋ ቆሻሻ ማቃጠያ አለ። ከእሱ በሚወጣው እንፋሎት ውሃ ይሞቃል፣ ቅዝቃዜም ይመረታል። ቧንቧው ከ2004 ጀምሮ እየሰፋ ሄዶ ዛሬ ከ100 በላይ ሕንፃዎች ጋ ደርሷል። እነዚህ ሕንፃዎች የየራሳቸው የውሃ ማሞቂያ ቦይለር አያስፈልጋቸውም። ጣሪያቸው ላይ የኤሲ ማሽን መደርደርም አያስፈልጋቸውም። ጎብኚ የሚያየው ነገር የለም። ፎቶ አይነሳም፣ ሪባንም አይቆረጥበትም። ሠፈሩ ለካርቦን ካደረገው ነገር ግን እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ይህን ቧንቧ ነው።

እንዲህ ያለውን ቧንቧ ሕያው ቤተ ሙከራ ሊዘረጋው አይችልም። ቧንቧ የሚያዋጣው ብዙ ሕንፃ ተቀራርቦ ሲሠራና መንገዱ አንዴ ሲቆፈር ነው። የፈጠራ ሠፈርን ለመምረጥ ጥሩ ምክንያት አለ ከተባለ አንዱ ይኸው ነው።

ጉድለቱንም ልናገር። ቢሮው ቶሎ አደገ፣ ቤቱ ዘገየ። በ2000ዎቹ አጋማሽ ካን ሪካርት የሚባለው አሮጌ የፋብሪካ ግቢ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ አርቲስቶችና ትንንሽ ወርክሾፖች ሲነሱ ትልቅ ተቃውሞ ተነሣ። በ2018 ከተማዋና ነዋሪዎቹ ፕላኑን እንደገና ለመከለስ ተቀመጡ፤ ዋናው ጥያቄ ተጨማሪ መኖሪያ ቤት ነበር። ቅደም ተከተሉን ውሉ ላይ ካላሰፈራችሁት አልሚው የሚጀምረው ትርፍ ካለበት ነው። ቤቱ መጀመሪያ ይሠራ ብላችሁ ጻፉ።

እዚያው ፖብሌኑ ውስጥ ግን በጣም የምወደው ሌላ ነገር ተሠርቷል። መስከረም 2016 ላይ ዘጠኝ ብሎኮች አንድ ላይ ታቅፈው አላፊ መኪና በመሀላቸው እንዳያልፍ ተደረገ። የአርክቴክቸር ተማሪዎች መገናኛ መንገዶቹን በቀለምና በአሮጌ ጎማ ሸነሸኗቸው። ከነዋሪው ብዙው ተቆጣ። «መኪናዬን የት ላቁም?»፣ «ማን አማከረን?» አለ። ከተማዋ አላፈረሰችውም፤ አስተካከለችው። አግዳሚ ወንበርና ጠረጴዛ ገባ፣ የልጆች መጫወቻ መጣ፣ ዛፍ ተተከለ። ቀለም ስለሆነ ይጠፋል፤ ጎማ ስለሆነ ይነሳል። ሲሚንቶ ቢሆን ኖሮ ጠቡ በዚህ አያልቅም ነበር። ትልቁ ሠፈር ውስጥ ትንሽ ሙከራ ያስገቡበት መንገድ ይህ ነው።

ሄልሲንኪ፦ ስምንት ሺህ ዩሮና ስድስት ወር

ካላሳታማ የጭነት ወደብ ነበር። ወደቡ በ2008 ወደ ቩኦሳሪ ሲዛወር ቦታው ለመኖሪያ ተለቀቀ። እስከ 2040 ወደ 25,000 ሰው እንዲኖርበት ነው የታቀደው። ግባቸውን ያስቀመጡበት መንገድ ደስ ይላል። ለነዋሪው በቀን አንድ ሰዓት እናትርፍለት አሉ። «ይህን ያህል ቶን ካርቦን» ብትለው ጎረቤትህ አይገባውም፤ «አንድ ሰዓት» ስትለው ያዳምጥሃል።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። አንድ ትንሽ ድርጅት ሐሳብ ያቀርባል። ከተመረጠ እስከ 8,000 ዩሮ ይሰጠውና በስድስት ወር ገደማ ውስጥ ከነዋሪው ጋር ይሞክረዋል። ካልሠራ ይቀራል። ማንም አይከስርም፣ ማንም አያፍርም። ከተሞከሩት አንዱ የትምህርት ቤት ክፍሎችን ተማሪ በሌለበት ሰዓት ነዋሪው በስልኩ ይዞ እንዲጠቀምባቸው ማድረግ ነው። ተራ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ያልተሠራ አዳራሽ ማለት ያልተቀላቀለ ሲሚንቶ ማለት ነው።

ቆሻሻውም በመሬት ውስጥ ቧንቧ በአየር ተስቦ ይሄዳል፤ የቆሻሻ መኪና በየበሩ አይዞርም። ይህ ግን ከሙከራ የመጣ አይደለም፤ ሠፈሩ ሲሠራ አብሮ የተቀበረ ነው።

አሁን አንድ ሐቅ አለ፤ ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ካላሳታማ አጠገብ ሀናሳሪ የሚባል በድንጋይ ከሰል የሚሠራ የኃይል ማመንጫ ነበር። የተዘጋው ሚያዝያ 2023 ላይ ነው። የዘጋው የትኛውም ስታርታፕ አይደለም። ኩባንያው የከተማዋ ነው፤ የከተማዋ ምክር ቤት ወሰነ፣ ተዘጋ። የሙከራዎቹ ጥቅም ሌላ ነው። ሰውን ያለማምዳሉ፣ የትኛው ሐሳብ እንደሚያዋጣ በትንሽ ገንዘብ ያሳያሉ። ትልቁን ካርቦን ግን የሚያነሳው ውሳኔ ነው። ሕያው ቤተ ሙከራ የውሳኔ ምትክ ተደርጎ ሲሸጥላችሁ አትግዙት።

አምስተርዳም፦ መሬቱ ላይ የወጡት ጀልባዎች

ሰሜን አምስተርዳም ውስጥ ደ ሴቨል የሚባል አሮጌ የመርከብ መሥሪያ ግቢ አለ። አፈሩ በመርዛማ ኬሚካል የተበከለ ነበር። ማጽዳት ውድ ነው፤ ስለዚህ ማንም አልፈለገውም። በ2012 ጥቂት ወጣት አርክቴክቶችና የአካባቢ ባለሙያዎች ከከተማዋ ለአሥር ዓመት በሊዝ ወሰዱት።

መሠረት መቆፈር አልቻሉም፤ ቆፈርክ ማለት መርዙን አወጣህ ማለት ነው። ታዲያ ምን አደረጉ? ሊፈርሱ የነበሩ አሮጌ የመኖሪያ ጀልባዎችን በክሬን አንሥተው መሬቱ ላይ አስቀመጧቸው። ጠገኗቸው፣ በብርድ መከላከያ ሸፈኗቸው፣ ቢሮና ስቱዲዮ አደረጓቸው። በጀልባዎቹ መካከል ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት መተላለፊያ ተጠማዝዞ ይሄዳል። ከመተላለፊያው በታችና በዙሪያው መርዙን ከአፈሩ እንዲስቡ የተመረጡ ሣርና ቁጥቋጦዎች በቅለዋል። ሽንት ቤቱ ውሃ የሌለው ነው፤ ወደ ኮምፖስት ይቀየራል። በ2014 ተከፈተ። የገቡት ሰዎች ብዙውን በእጃቸው ነው የሠሩት። ለዚህ ነው ርካሽ የሆነውም።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ ቦዩ ላይ፣ ስኾንስሂፕ አለ። ትርጉሙ «ንጹሕ መርከብ» ነው። ሠላሳ ተንሳፋፊ ግንባታ፣ 46 ቤት። ከቦዩ ውሃ ሙቀት በሚስቡ ሂት ፓምፖች ይሞቃሉ፤ በየጣሪያው ሶላር፣ በየቤቱ ባትሪ አለ። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ገመዱ ነው። ሠፈሩ በሙሉ ከከተማው የኤሌክትሪክ መረብ ጋር የሚገናኘው በአንድ መስመር ነው። የአንዱ ቤት ሶላር ሲተርፍ ለጎረቤቱ ይሄዳል። በሆላንድ ደንብ ይህ አይፈቀድም ነበር፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱ መስመር ሊኖረው ይገባል። ለሙከራ ተብሎ በወጣ ልዩ ፈቃድ ነው የሠሩት። ሕያው ቤተ ሙከራ ትልቁ ጥቅሙ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ይታያል፤ ሕጉን ለተወሰነ ጊዜ፣ በተወሰነ ቦታ፣ በግልጽ ከፍቶ ማየት። ፈተናው ደግሞ ጊዜው ነው። ከሐሳቡ እስከ መጨረሻው ቤት ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል። እንደዚያ የሚታገሥ፣ ስብሰባ የማይሰለቸው፣ ባንክ የሚያምነው ሰው ሁሉም ጋ አይገኝም። አቅሙ ያለው መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው መሆኑም አይካድም።

ጎተንበርግና አዴሌድ፦ ባጭሩ

የስዊድኑ ኤችኤስቢ ሕያው ቤተ ሙከራ በቻልመርስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የቆመ አንድ የመኖሪያ ሕንፃ ነው። በ2016 ነው የተከፈተው። ተማሪዎችና ተመራማሪዎች ይኖሩበታል፤ ግድግዳው ውስጥ ሴንሰር አለ። ለተመራማሪ ይህን የመሰለ ነገር የለም፤ ውሃውም፣ ልብስ ማጠቢያውም፣ ሙቀቱም ይለካል። ለከተማ ግን አንድ ችግር አለው፤ እዚያ የሚኖረው ሰው ሊለካ ፈቅዶ የገባ ነው። ጎረቤትህ እንደዚያ አይደለም።

ቶንስሊ ደግሞ በአውስትራሊያ አዴሌድ ከተማ ያለ የሚትሱቢሺ መኪና ፋብሪካ ነበር። በ2008 ተዘጋ። የክልሉ መንግሥት 61 ሄክታሩን ገዛው። ሁሉንም አፍርሶ ከባዶ መጀመር ይቻል ነበር። እነሱ ግን የትልቁን መገጣጠሚያ ሕንፃ አጽምና ጣሪያ አስቀሩት። ከሥሩ ትንንሽ ሕንፃዎች፣ መናፈሻ፣ የፍሊንደርስ ዩኒቨርሲቲ ክፍሎች ገቡበት፤ ጣሪያው ላይ ሶላር ወጣ። የቆመ ብረት ካርቦኑ ቀድሞ ወጥቷል። አፍርሰህ አዲስ ስትሠራ ድጋሚ ትከፍላለህ። በማፍረስ የሚጀምር «አረንጓዴ» ፕሮጀክት ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው።

ከባዶ የተነሡት ሁለቱ

ማስዳር ከተማ አቡ ዳቢ ውስጥ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ነው። እዚያ ያላችሁ ሄዳችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። በ2006 ታወጀ። ስድስት ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ካርቦን የሌለበት፣ ቆሻሻ የማይወጣበት፣ 50,000 ሰው የሚኖርበት ተብሎ በ2016 ሊያልቅ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የ2008 የገንዘብ ቀውስ መጣና ጊዜው ተገፋ፤ ከዚያ እንደገና ተገፋ። ያለ ሹፌር የሚሄዱት ትንንሽ መኪናዎች መላ ከተማውን ያዳርሳሉ ተብሎ በአጭር መስመር ቀሩ።

መልካሙንም ልጨምር። ጠባብ መንገዶቹና ጥላቸው፣ ነፋስ የሚያወርደው 45 ሜትር ማማ፣ ወፍራም ግድግዳው፣ ይህ ሁሉ የድሮ የዓረብ ከተማ ዕውቀት ነው፤ መንገዱ ላይ ሲሄዱ ቅዝቃዜው ይሰማል። ከማስዳር መማር ያለብን ከዚህ ነው። የጎደለው ሰው ነበር። ሲታቀድ «እኔ እዚህ እኖራለሁ፣ ይህን አልፈልግም» የሚል ነዋሪ አልነበረም።

ቶሮንቶ ላይ ነዋሪው ነበረ፣ ያውም ተናገረ። የጉግል እህት ኩባንያ ሳይድዎክ ላብስ በ2017 ኪይሳይድ የሚባለውን አምስት ሄክታር ያህል የሐይቅ ዳር ቦታ ሊያለማ መጣ። ከጣውላ የሚሠሩ ረጃጅም ሕንፃዎች፣ አነስተኛ ካርቦን፣ በየቦታው ሴንሰር። ሐሳቡ ውስጥ ጥሩ ነገር ነበረበት። ጥያቄው ግን «ከመንገዱ የሚሰበሰበው መረጃ የማን ነው?» የሚል ሆነ። የኦንታሪዮ የቀድሞ የግል መረጃ ኮሚሽነር አን ካቩኪያን አማካሪ ነበሩ፤ የሰው ማንነት ከመረጃው ገና ሲሰበሰብ ለመጥፋቱ ዋስትና ስላጡ በ2018 ለቀቁ። ግንቦት 2020 ላይ ኩባንያው በኢኮኖሚ ምክንያት አቆምኩ ብሎ ወጣ። የመረጃው ጉዳይ መጀመሪያ ቀን መፈረም ነበረበት። ሕዝብ ካልታመነ ምንም ያህል ጣውላ ቢያምር ሠፈር አይሆንም።

ታዲያ ለማን የትኛው?

እኔ የምመዝነው በሦስት ነገር ነው፤ መሬቱ የማን ነው፣ ካልሠራ ማን ማቆም ይችላል፣ የፕሮጀክቱ ብር ሲያልቅ ማን ይከፍላል።

ማዘጋጃ ቤት ከሆናችሁ፣ ሰፊ ባዶ የኢንዱስትሪ ቦታም ካላችሁ፣ የባርሴሎናን መንገድ ተከተሉ፤ ግን ሃያ ዓመት እንደሚፈጅ አውቃችሁ ግቡ። ኢትዮጵያ ውስጥ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ከተማው በአንድ ነገር ከባርሴሎና ይሻላል። 30 በመቶውን መለመን አያስፈልገውም። የሊዝ ውሉ ላይ ከመጀመሪያው ማስፈር ይችላል፤ ይህን ያህል ቤት ለነባሩ ነዋሪ፣ ይህን ያህል አረንጓዴ፣ አሮጌው ሕንፃ ከተቻለ ይቆይ። የፈረመ አልሚ በኋላ እንዳያመልጥም ቤቱ ሳይጀመር ቢሮው አይመረቅም ይባል።

ሠፈሩ ቀድሞ ሰው የሞላበት ከሆነ የሄልሲንኪን ትንሽ ገንዘብና አጭር ጊዜ ምረጡ። ስድስት ወር ለሁሉም ይቻላል። ግን ሙከራው ከመጀመሩ በፊት «ከሠራ ማን ይቀጥለዋል?» የሚለው መልስ በጽሑፍ ይኑር። በየቦታው ያየናቸው የተሰበሩ ፓነሎችና የቆሙ ማሽኖች ብዙዎቹ በሙከራ የተሳካላቸው ናቸው። ባለቤት ነው ያጡት። መለዋወጫው መርካቶ የማይገኝ ዕቃ ደግሞ ጭራሽ አትሞክሩ።

ዩኒቨርሲቲ ከሆናችሁ የጎተንበርግን ዓይነት ይዛችሁ ጀምሩ፤ ግን በሁለተኛው ዓመት ከግቢ ውጡ። ስታርታፕ ከሆናችሁ ቢሮ የሚሰጣችሁን ሳይሆን ደንበኛ የሚሰጣችሁን ቦታ ምረጡ። እንዲህ ሳለ ነዋሪው ለሚሰጠው ጊዜና መረጃ አንድ ነገር ሊያገኝ ይገባል፤ ቢያንስ ውጤቱን በራሱ ቋንቋ ሊሰማ ይገባል።

ኮሚቴ ከሆናችሁና አንድ ሰው ሴንሰር ይዞ ከመጣ ሁለት ነገር ጠይቁት፤ መረጃው የት ይቀመጣል፣ እኛ «ይብቃ» ካልን በስንት ቀን ትነቅላለህ። መልሱ ከተድበሰበሰ አታስገቡት።

ከባዶ ሜዳ ላይ አዲስ ከተማ የሚሸጥላችሁ ሰው ከመጣ ግን የእኔ ምክር አጭር ነው፤ እምቢ በሉ። ያለው ከተማ፣ ያለው ሰው ይጠብቃችኋል።

ኮንዶሚኒየሙ ላይ ቢሞከር

አሁን ወደ ቤታችን። ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ለግቢው የጋራ መገልገያ ቤት ተብሎ የተለየ ሕንፃ አለ። ኮሚናል እንለዋለን። ለእርድ፣ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለእንጀራ መጋገሪያ ታስቦ ነው የተሠራው። ብዙ ቦታ ግን ተቆልፏል፣ ወይ ተከራይቷል፣ ወይ ሱቅ ሆኗል። እኔ ለዚህች አገር ሕያው ቤተ ሙከራ የት ይጀመር ብባል እዚያ ነው የምለው። ቦታው አለ፣ ሰው አለ፣ ኮሚቴ አለ፣ ደንቡም ይፈቅዳል።

የሚሞከረው ምጣድ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይስባል። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ብሎክ ላይ አሥር ቤት አብሮ ከለኮሰ 35 ኪሎ ዋት ማለት ነው። መስመሩ ይጨነቃል፣ ፊውዝ ይወድቃል፣ መብራት ይሄዳል። ሊጡ ኩፍ ብሎ ተቀምጧል፤ ነገ ይኮመጥጣል። እናት ምን ታደርጋለች? በረንዳ ላይ ከሰል ታቀጣጥላለች፣ ወይ ለእንጨት ምጣድ ወደ ጎረቤት ትልካለች። ከውሃ የመጣ ንጹሕ ኤሌክትሪክ እያለን በከሰል የምንጋግረው በዚህ ነው። የጎደለን ማመንጫ ብቻ አይደለም፤ ተራ ነው።

ኮሚናሉ ውስጥ ሙቀት በደንብ የሚይዝ ሁለት ምጣድ ይግባ። የራሱ ቆጣሪ ይኑረው። ቤቶች በተራ ይጋግሩ፤ አንዱ ሲጨርስ ምጣዱ ሳይበርድ ቀጣዩ ይቀበለው። እናቶቻችን በድሮው ግቢ እንዲሁ ያደርጉ ነበር፤ «እኔ ልጨርስና ነይ» ተባብለው። ትልቁ ወጪ ምጣዱን ማሞቅ ስለሆነ በግለቱ መቀባበል በራሱ ቁጠባ ነው። ክፍያው በእንጀራ ብዛት ይሁን። ቁልፉን ማን ይያዝ፣ ያልመጣ ሰው ተራው ለማን ይለፍ፣ የጾም ዋዜማና የበዓል ሰሞን እንዴት ይሁን የሚለውን እነሱ ይወስኑ። እኛ እዚያ ላይ ኢንጂነሮች አይደለንም።

ግን ምጣድ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ወር ዝም ብላችሁ ለኩ። የብሎኩን ቆጣሪዎች ዓርብ ማታና ቅዳሜ ማታ አንብቡ። መብራቱ ስንት ጊዜ እንደሄደ፣ በስንት ሰዓት እንደሄደ ደብተር ላይ ይጻፍ። በየቤቱ በሳምንት ስንት ማዳበሪያ ከሰል እንደሚገዛ ጠይቁ፤ በብር ሳይሆን በማዳበሪያ፣ ዋጋው ስለሚለዋወጥ። ይህን ደብተር የሚይዝ ሰው ከብሎኩ ይመረጥ፤ ብዙ ጊዜ አንዲት ጎበዝ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ትበቃለች። ከስድስት ወር በኋላ ያው ደብተር እንደገና ይከፈትና ቁጥሮቹ ጎን ለጎን ይቀመጡ። ከሰሉ ካልቀነሰ ምጣዶቹ ይሸጡና ኮሚናሉ ለሌላ ሙከራ ይለቀቅ።